አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይጠብቃል፦ ኮምፒውተሮች ሥራን እንዴት ይከፋፈላሉ?

የነገውን ዝናብ የሚያሰላ ኮምፒውተር ሥራውን ከነገ ወዲያ ቢጨርስ ውጤቱ ትንበያ መሆኑ ቀርቶ ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህም የአየር ትንበያ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ለተሳሰሩ በርካታ ፕሮሰሰሮች ተከፋፍሎ ይሠራል። ናይሮቢ አቅራቢያ ንጎንግ የሚገኘውና 11 የምሥራቅ አፍሪካ አገራትን የሚያገለግለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክም ትንበያዎቹን የሚያዘጋጀው በእንዲህ ዓይነት የኮምፒውተር ሞዴሎች እየታገዘ ነው።

ለመሆኑ ሥራው ለሁሉም በሚመጣጠን መልኩ የሚከፋፈለው እንዴት ነው?

የሪቻርድሰን አዳራሽ

ጥያቄው ከኮምፒውተር ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ሳለ የስድስት ሰዓት የአየር ለውጥን በእጁ ለማስላት ሞክሮ ነበር። ሳምንታት የፈጀው ስሌት ውጤቱ የተሳሳተ ሆነ።

እአአ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ግን 64,000 ሰዎች የዓለምን አየር ተከፋፍለው የሚያሰሉበትን ግዙፍ አዳራሽ በምናቡ ሣለ። መሐል ላይ የቆመው አስተባባሪ ቀድመው በሄዱት ላይ ቀይ ዳማ ብርሃን፣ ወደኋላ በቀሩት ላይ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ያበራል። ማንም ከጎረቤቱ ርቆ እንዳይቀድም ወይም እንዳይዘገይ የሚደረግ ቁጥጥር ነበር።

እኩል መሬት፣ እኩል ሥራ አይደለም

ቀላሉ ዘዴ ካርታውን እኩል ስፋት ወዳላቸው አራት ማዕዘኖች ቆርሶ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ አንድ መስጠት ነው። ችግሩ የስፋት እኩልነት የሥራ እኩልነት አለመሆኑ ነው።

በክረምት ከሰዓት በኋላ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲዘንብ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊውል ይችላል። የደመናና የዝናብ ስሌት ከጥርት ሰማይ ስሌት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ዓለምን በሙሉ በሚሸፍኑ ሞዴሎች ደግሞ ቀን የሆነበት የምድር ክፍል የፀሐይ ጨረር ስሌት ሲኖረው፣ ሌሊት የሆነበት ይህ ሸክም የለበትም።

በምሳሌ እንየው። 99 ፕሮሰሰሮች ድርሻቸውን በ10 ደቂቃ ቢጨርሱና አንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ፣ ሥራው የሚያልቀው በ20 ደቂቃ ነው። ያው ሥራ ለ100ዎቹ በእኩል ቢከፋፈል ግን 10 ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ይበቃው ነበር። 99ኙ ሥራ ፈትተው ሲጠብቁም ኤሌክትሪክ መፍጀታቸው አይቀርም።

እንደ ደቦ

በደቦ አጨዳ ወቅት ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰ ሰው የባልንጀራውን ያግዛል። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመሳሳዩ ዘዴ “ሥራ መስረቅ” ይባላል። ሥራው በጥቃቅን ይቆረጥና፣ እጁ ባዶ የሆነ ፕሮሰሰር በዕጣ ከመረጠው ሌላ ፕሮሰሰር ወረፋ ላይ ይወስዳል። ሮበርት ብሉሞፍ እና ቻርለስ ሊዘርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዘዴው ቀልጣፋ መሆኑን በሒሳብ አረጋግጠዋል።

ጉግል በ2004 ይፋ ባደረገው ማፕሪዲዩስ በተሰኘ ሥርዓት ደግሞ፣ ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል የቀሩት ተግባራት ለሌሎች ማሽኖችም በድጋሚ ይሰጣሉ። ቀድሞ የጨረሰው ውጤት ይወሰዳል። በአንድ ሙከራ ይህ መላ ሲነሳ ሥራው 44 በመቶ የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል።

ማመጣጠንም ዋጋ አለው

ይሁንና ሥራን ማዘዋወር በነጻ አይገኝም። መረጃው በኔትወርክ መጓዝ አለበት። በአየር ሞዴል ውስጥ ደግሞ አጎራባች አካባቢዎች በየስሌቱ እርምጃ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ጎረቤታሞችን ማራራቅ ልውውጡን ያበዛዋል። የማዘዋወሩ ወጪ ከሚተርፈው ጊዜ ከበለጠ፣ ሥራውን ባለበት መተው ይሻላል።

ጉዳዩ አቅማቸው ውስን ለሆነ ማዕከላት ይበልጥ ይከብዳል። ሞዴሉ አየሩን የሚያይበትን ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ዝቅ ማድረግ ስሌቱን ስምንት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። አዲስ ማሽን መግዛት ባይቻል እንኳ፣ ያሉትን ሥራ እንዳይፈቱ ማድረግ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው በወንዙ ዳር ላለው ነዋሪ ውሃው ሳይደርስ እንዲደርስ ይረዳል።