የአርማታ ቅርጽ ማውጫ ታሪክና አመራረጡ



ከአያት ተነሥቶ አዲስ አበባን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የቀላል ባቡር መሥመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያበቃው በጦር ኃይሎች ነው። መሥመሩ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ነበር። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ጧት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ማታም ወደ ቤታችሁ ስትመላለሱ በሜክሲኮና በልደታ በኩል ባቡሩን ተሸክመው በተሰለፉት የአርማታ ዓምዶች ሥር ታልፋላችሁ። ዓምዶቹን ሁላችን እናያቸዋለን፤ ነገር ግን ዓምዶቹን ዓምድ ያደረጋቸውን ነገር ዛሬ ማንም አያየውም። ሥራውን ፈጽሞ ተነሥቷልና።

ይህ ነገር ባለሙያዎች ፎርምወርክ የሚሉት የአርማታ ቅርጽ ማውጫ ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውኃ ተደባልቀው በብረቱ ላይ በሚፈስሱበት ጊዜ አርማታ እንደ ወፍራም ገንፎ ያለ ነገር ነው እንጂ የራሱ መልክ የለውም። ዓምድ፣ ቢም ወይም ወለል የሚሆነው በጣውላ ወይም በብረት በተዘጋጀለት ሣጥን ውስጥ ገብቶ እስኪጠነክር ድረስ ሲጠበቅ ነው። እንግዲህ ፎርምወርክ ማለት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆም፣ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የሚኖረውን ሕንፃ መልክና ደኅንነት የሚወስን ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል። በዛሬው ንግግራችን ታሪኩን በአጭሩ ተመልክተን፣ ዓይነቱንና አመራረጡን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውን ስለምን እንደሚመለከተው እናስረዳለን።

አባቶቻችን ሕንፃን በሁለት መንገድ ያቆሙ ነበር። አንደኛው የላሊበላ መንገድ ነው፤ ይኸውም አለቱን እየፈለፈሉ የማይፈለገውን በማስወገድ ቅርጽ ማውጣት ነው። ለዚህ ሥራ ቅርጽ ማውጫ አያስፈልግም። ሁለተኛው በጎንደር የምናየው የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። አጼ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት ግንብ ላይ እንዳሉት ያሉ ቅስቶች በሚገነቡበት ጊዜ፣ የመጨረሻው ድንጋይ ገብቶ ኖራው እስኪይዝ ድረስ ከሥር የሚደግፍ የእንጨት ቅርጽ ግድ ያስፈልጋል። ሮማውያንም ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት በሮማ ከተማ 43 ሜትር ስፋት ያለውን የፓንቴዎንን ጉልላት ያለ ብረት ባፈሰሱ ጊዜ እንዲሁ በእንጨት ሥራ ተረድተዋል። በሌሎች ጥንታዊ የሮማ ጣራዎች ላይ የጣውላው አሻራ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል።

ብረትና ሲሚንቶ የተጋቡት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ዮሴፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ የአበባ ማስቀመጫዎቹ እንዳይሰበሩበት በብረት ሽቦ ካጠናከራቸው በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1892 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ፍራንሷ ኤኔቢክ ዓምዱን፣ ቢሙንና ወለሉን በአንድነት የሚያያይዝ የአርማታ አሠራር አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የሕንፃ ሥራ የግንበኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአናጢም ሆነ፤ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ሕንፃው በሙሉ አስቀድሞ በእንጨት መሠራት አለበትና።

ወደ አገራችንም ይህ ጥበብ ሲገባ ስሙን ይዞ ገብቷል። አርማታ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ጣውላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ጣውላውን ከሥር ቀጥ አድርጎ የያዘው የአገራችን የባሕር ዛፍ አጣና ነው። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተብሎ የተስፋፋው ይህ ዛፍ፣ በኋላ የአዲስ አበባ ፎቆች ሁሉ ወጋግራ ሆነ። በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ በ18 ወር ውስጥ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ከእርሱም በኋላ የተነሣው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ የአርማታ ሥራ በከተማችን ምን ያህል እንደ ደረሰ የሚመሰክሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንለፍ። የመጀመሪያው የጣውላ ፎርምወርክ ነው። በማንኛውም መልክ ይቆረጣል፣ ይጠገናል፣ በየገበያውም ይገኛል፤ ነገር ግን ውኃ ይመጣል፣ ይጣመማል፣ ከጥቂት ጊዜ በላይም አያገለግልም። ሁለተኛው ፊቱ የተለበጠ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ገጹ የለሰለሰ አርማታ ያወጣል፣ በጥንቃቄም ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሦስተኛው የብረት ሲሆን ዋጋው ከፍ ያለ፣ ክብደቱም የበዛ ነው፤ ሆኖም በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ያገለግላል። እንደ ባቡሩ ዓምዶች ተመሳሳይ መልክና መጠን ያለው ሥራ በሚደጋገምበት ስፍራ የሚመረጠው ይኸው ነው። አራተኛው የአሉሚኒየም ነው፤ ከብረቱ ስለሚቀል ሠራተኛው በእጁ እያነሣ ይገጥመዋል፣ ግድግዳውንና ወለሉንም በአንድ ጊዜ ለማፍሰስ ያስችላል። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ፣ በተለይም በገርጂ በተሠሩት የመኖሪያ ሕንፃዎች በዚህ ዓይነት ተሠርቷል። አምስተኛው እንደ እህል ጎተራና እንደ ረጃጅም ፎቆች እምብርት ላሉ ሥራዎች የሚሆን ነው፤ ይህኛው አርማታው እየጠነከረ በሄደ መጠን ራሱ ወደ ላይ የሚወጣ ነው።

ከእነዚህም ሌላ ፎርምወርክን የሚቀንስ ዘዴ አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ፣ ወለሉ አስቀድመው በተሠሩ ቀጫጭን ቢሞችና በመካከላቸው በሚደረደሩ ባዶ ብሎኬቶች እንዲሠራ የተደረገው አንዱ ምክንያት ብዙ ጣውላ ሳይባክን ብዙ ቤት ለመሥራት ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይሻላል? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ በሥራው ዓይነት የሚወሰን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ጠማማ ደረጃ የብረት ቅርጽ ማሠራት ገንዘብን ማባከን ነው። ሃያ ፎቅ ላለው፣ ፎቁም ሁሉ አንድ ዓይነት ለሆነ ሕንፃ ደግሞ በየፎቁ አዲስ ጣውላ መግዛት ርካሽ ይመስላል እንጂ ርካሽ አይደለም። የፎርምወርኩ ወጪ ከጠቅላላው የአርማታ ሥራ ወጪ ብዙውን ጊዜ ሲሶውን፣ አንዳንድ ጊዜም ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መታየት የሚገባው የአንዱ ጣውላ ዋጋ ሳይሆን፣ ዋጋው ለሚያገለግልበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ሒሳብ ነው።

ሆኖም፣ አንባቢዎቼ፣ የገንዘቡ ነገር ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሰው ሕይወት ነው።

አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,400 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱም 100 ካሬ ሜትር የሆነ ሶሌታ በሚፈስስበት ቀን፣ ሠራተኛውና መሣሪያው ሳይቆጠር 36 ቶን የሚመዝን እርጥብ አርማታ በአጣናዎች ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ዓምድ ውስጥም አርማታው በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ፣ በሣጥኑ ግርጌ ላይ በካሬ ሜትር ከ7 ቶን በላይ ወደ ውጭ ይገፋል። በሚስማር የተቀጣጠለ አጣና፣ ማገር ያልታሰረለት ድጋፍ፣ ዝናብ ባራሰው ጥቁር አፈር ላይ ያለ ጣውላ መደብ የቆመ እግር ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። የክረምት አፈር ጧት ጠንካራ መስሎ ማታ ይከዳል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ችኮላ ነው። የአርማታ ጥንካሬ በቀን የሚቆጠር ነው። በአገራችን በተለመደው አሠራር የዓምድና የቢም ጎን ከ18 ሰዓት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ወለልን ከሥር የሚይዘው ድጋፍ ግን 14 ቀን፣ ቢምን የሚሸከመው ድጋፍ ደግሞ 21 ቀን ያህል መቆየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ሌሊቷ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ አርማታን ያዘገየዋል። ስለሆነም በሐምሌና በነሐሴ መታገሥ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያስፈልጋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ለሚቀጥለው ፎቅ ጣውላ ፈልጎ የታችኛውን ድጋፍ ያለ ጊዜው የሚነቅል ሥራ ተቋራጭ ያተረፈው ሲመስለው የሚያጣው ይበዛል።

ይህ በሠለጠነው አገርም የደረሰ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 1973 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ይሠራ የነበረ አንድ ረጅም ሕንፃ ድጋፉ ከ22ኛውና ከ23ኛው ፎቅ መካከል ቀድሞ በመነሣቱ ተደርምሶ 14 ሠራተኞች ሞቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1978፣ በዌስት ቨርጂኒያ ዊሎው አይላንድ በሚባለው ስፍራ አንድ የማቀዝቀዣ ግንብ ሲሠራ፣ የሠራተኞቹ መቆሚያና ፎርምወርኩ የታሰሩት ዋዜማውን በፈሰሰ አርማታ ላይ ነበር። ቀኑ ቀዝቃዛ ስለ ነበር አርማታው ገና አልጠነከረም፤ መቆሚያው በሙሉ ወርዶ 51 ሰዎች በአንድ ጊዜ አለቁ። በዚያ አገር መሐንዲስም ሕግም ሞልቶ ነበር፤ የጐደለው አንድ ሰው አርማታው መጠንከሩን መርምሮ "ገና ነው፤ ይቆይ" ማለቱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እናንተን የሚመለከተው። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ጨረታ የሚከፍት፣ የሥራ ውል የሚያዘጋጅ፣ የክፍያ ሰነድ ላይ የሚፈርም ሰው ፎርምወርክ የአናጢ ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በጨረታው ዝርዝር ላይ አነስተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከድጋፉና ከመጠበቂያው ቀን ላይ ተቀንሶ ነው። የሥራው ቀን በግድ እንዲያጥር ደብዳቤ ሲጻፍም፣ ያ ደብዳቤ በመጨረሻ የሚደርሰው ከሶሌታው ሥር መዶሻ ይዞ ከቆመው ከቀን ሠራተኛው ዘንድ ነው።

ስለዚህ አራት ጥያቄዎችን በማስታወሻችሁ ላይ እንድታሰፍሩ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ይህ ቅርጽ ስንት ጊዜ ይደጋገማል? ሁለተኛ፣ ድጋፉ የሚሸከመው ክብደት በመሐንዲስ ተሰልቷል ወይስ በልማድ ብቻ ተገምቷል? ሦስተኛ፣ የቆመበትን አፈር ማን መረመረ? አራተኛ፣ ድጋፉ በማን ፈቃድና በስንተኛው ቀን ይነሣል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰነድ፣ ቁጥሩ የቱን ያህል ቢያምር ያልተፈጸመ ሰነድ ነው።

ነገ ጧት በጦር ኃይሎች ከባቡሩ ወርዳችሁ ወደየሥራችሁ ስትሄዱ፣ በመንገዳችሁ ላይ በአጣና የተደገፈ ጅምር ሕንፃ ሳታዩ አታልፉም። ያ የአጣና ጫካ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይነሣል፤ ማንም አያስታውሰውም። ነገር ግን ሥር ሆነው የሠሩት ሰዎች በደኅና ወደ ቤታቸው መመለሳቸውና ሕንፃው ለልጅ ልጅ መቆየቱ በዚያ ጫካ ላይ የተመሠረተ ነው። ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ለሚነሣውም ሥራ እኩል እንድንጠነቀቅ በማሳሰብ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።