የቀለም ዕዳ

«ቀለም» ከአማርኛ ተናጋሪ አፍ የማይለይ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ቤት ቀቢው በቆርቆሮ ይዞት ይዞራል፤ ሸማኔው ለጥለቱ ይመርጠዋል፤ ጸሐፊው ብዕሩን ይነክርበታል፤ ተማሪው ያጠናዋል፤ ገጣሚው ይቆጥረዋል። አንዱ ቃል በአምስት ሰው እጅ አምስት ነገር ሆኖ ይገኛል። ይህ የትርጉም ብዛት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ቃሉ ያለፈበት የኅብረተሰብ ታሪክ በየትርጉሙ ላይ አሻራውን ትቷል። ያንን አሻራ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከወንዝ ዳርና ከምድጃ ሥር ነው።

የቃሉ ግንድ ሸምበቆ ነው። በጥንቱ ግሪክኛ «ካላሞስ» ማለት ሸምበቆ ሲሆን፣ ሸምበቆ ተቀርጾ መጻፊያ ስለሚሆን ስሙ ለመጻፊያውም ተሰጠ። ዐረቦች «ቀለም» ብለው ብዕርን ጠሩበት፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ብዕርን «ካላሙ» ይሉታል። በእኛ ዘንድ ግን ቃሉ ከመጻፊያው ወደ ፈሳሹ ተሻገረና፣ ብዕሩ የሚነከርበት ነገር ቀለም ተባለ። የመጻፊያውን ስም የያዘው «ብዕር» ራሱ ከግዕዙ «ብርዕ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ እንደዚሁ ሸምበቆ ነው። ብዕርና ቀለም ከአንድ ወንዝ ዳር የተቆረጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ከፈሳሹ ወደ ፈሳሹ መልክ ለመሻገር የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር፤ ጥቁሩም፣ ቀዩም፣ ብጫውም ቀለም ሆነ።

ጥቁሩ የብራና ቀለም እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ለነገሩ ይጠቅማል። ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ እስኪከስል የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና የግራር ሙጫ ተወቅጦና ታሽቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲብላላ ይደረጋል። የደረሰው ቀለም በከብት ቀንድ ይቀዳል፤ የቀንዱ ሹል መሬት ላይ ተተክሎ በጸሐፊው አጠገብ ይቆማል። በሁለተኛው ቀንድ ያለው ቀይ ቀለም ለአምላክና ለቅዱሳን ስሞች፣ ለምዕራፍ መክፈቻዎች፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ላስጻፈው ባለጸጋ ስም ይውላል። ታላቅን ሊቅ «የቀለም ቀንድ» ብሎ ማወደስ ይህንኑ ዕቃ ያስታውሳል። እንግዲህ ጥላሸቱ ሴቲቱ ዕድሜዋን ከምትፈጅበት ምድጃ፣ እህሉ ከገበሬው ጎተራ፣ ቀንዱም እርሻ ላይ ከዋለው በሬ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ያ ቀለም የጻፈውን ለማንበብ የታደሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ቃሉ ከገበታው ላይ ተነሥቶ ወደ ሰው አእምሮ ገባ። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው በሌሊት፣ መጽሐፍ በሌለበት፣ በቃሉ የሚወጣው ትምህርት ቀለም ይባላል። መምህሩ «የቀለም አባት»፣ አብሮ የተማረው «የቀለም ጓደኛ» ነው፤ ትምህርት ፈጥኖ የሚዘልቀው «ቀለም ገባው» ይባልለታል። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ «የቀለም ትምህርት» የሚለው ስያሜ ሳይለወጥ ወደዚያው ተዛወረ። በዚሁ ሽግግር ግን ቃሉ አጥር ሆነ፤ የቀለም ትምህርት በአንድ ወገን፣ የእጅ ሙያ በሌላ ወገን ቆመ።

አጥሩ ሥሩ የቆየ ነበር። ከእንስሳ ቆዳ ላይ ጠጉሩን ፍቆ ብራና የሚያዘጋጀው ሰው ሲከበር፣ ያንኑ ቆዳ ፍቆ ለጫማና ለአጎዛ የሚያውለው «ፋቂ» ተብሎ ይናቅ ነበር። የእጁ ሥራ አንድ፣ ግሡም አንድ ነው፤ የተለያየው የተሰጣቸው ክብር ብቻ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ የዚሁ ንቀት ተካፋዮች ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ዐዋጅ ግን ከስድብ ቃል ይልቅ ቶሎ ይረሳል።

ከቀለም ጋር የሚጎዳኙ ቃላት ደግሞ ሌላ ምስክርነት ይሰጣሉ። አማርኛ ለዚሁ ሐሳብ «መልክ» እና «ኅብር» የሚሉ ቃላትም አሉት። መልክ ፊትንም፣ ቅርጽንም፣ የገላን ቀለምም ያመለክታል። ኅብር በግዕዝ ቀለም ማለት ሲሆን፣ በቅኔ መንገድ ደግሞ አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም አብሮ ሲይዝ የሚሰጠው ስም ነው። ቀለማቱን ለይቶ ለመጥራት ግን ከሊቁ ይልቅ ሠራተኛው ይበልጣል። ቡናማ ከቡና፣ አመድማ ከአመድ ተቀድቷል። «ማንበብ አይችልም» የተባለው ገበሬ ከብቱንና ፈረሱን ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ግራጫ፣ ወይኖ፣ ቦራ እያለ ይለያል። ቀለም አልገባውም የተባለው ሰው ይህን ሁሉ ቀለም ያውቃል።

ከሁሉም ይልቅ ለኪነ ጥበብ ሰው የሚከብደው የቃሉ የግጥም ትርጉም ነው። በግጥም ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው። የወል ቤት የሚባለው ምት፣ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ተከፍሎ ዐሥራ ሁለት ቀለም ይዞ ይሄዳል። ይህንን ልክ የጠበቁት ባለ ብራናዎቹ ብቻ አልነበሩም። ፊደል ያልቆጠረች አልቃሽ በልቅሶ ቤት ተነሥታ፣ የሟቹን ሥራና የቤተሰቡን ሐዘን አንድ በአንድ ስታወርድ፣ አንዲት ቀለም አትጎድልባትም። እረኛውም በመስኩ፣ ሴቲቱም በወፍጮዋ ላይ እንደዚሁ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ቀለም ቆጥረዋል።

ቃሉ ከዚህ በከፋ መንገድ አጥር የሆነበት ዘመንም አለ። በደቡብ አፍሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ፣ እስከተሻረበት እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ሰውን በዘር እየመደበ መኖሪያውንና መብቱን ሲወስን ቆይቷል። «የቀለም ልዩነት» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ጋዜጦች ላይ የሚያስተጋባው ከዚህ ዓይነቱ ግፍ ነው። በገላ መልክም ይሁን በትምህርት ስም፣ ቀለም ሰውን ከሰው በላይ ለማድረግ ሲያገለግል በደሉ አንድ ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንን አጥር በስፋት የነካ ሥራ ነበር። መጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። የሚነበብ ነገር በቅርብ ያላገኙ ብዙዎች የተማሩትን መልሰው መርሳታቸውም የታሪኩ አካል ነው። በሌላ በኩል ግን፣ በጥላሸት የጠቆረች ጣት ጠመኔ ይዛ ስሟን ስትጽፍ ምጽዋት እየተቀበለች አልነበረም፤ ቀድሞ ያበደረችውን እየተረከበች ነበር።

መምህሩ «የቀለም ትምህርት» በሚልበት ጊዜ፣ ደራሲውም በባላገር አፍ የሚኖረውን ግጥም «ያልተማረ ሰው ግጥም» ብሎ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ይህ ዕዳ ሊታሰበው ይገባል። ቃሉ ሸምበቆውን፣ ጥላሸቱንና ቀንዱን ዛሬም ይዞ ይዞራል፤ ያበደሩት ሰዎች ስም ግን በቀዩም በጥቁሩም ቀለም አልተጻፈም።