መራጭ ያልነበረው ፓርላማና አርቃቂው በጅሮንድ

ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ የምርጫ ቀን ሲደርስ ሰው ካርዱን ይዞ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ፓርላማ በ1924 ዓ.ም. ሲከፈት ግን ኮልፌም ይሁን ሌላ ቦታ እንደራሴውን የመረጠ ባላገር አልነበረም። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ደግሞ፣ ነገሩን የሚያስገርመው ይኸው ነው፣ ለለውጥ እጅግ ከቸኮሉት የዘመኑ ሰዎች አንዱ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወልደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ዐድዋ ሲዘመት አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ቢሆንም አብረው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሩሲያ ሄደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ተመልሰው ያዩት የመኳንንት አስተዳደር ስላልጣማቸው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ። ሹማምንቱን በአውሬ አስመስለው ስለነበር ቤተ መንግሥት ተቆጣ፤ ቴአትሩም ታገደ።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈረመው ሕገ መንግሥት የተመረጡት። ሞዴላቸው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ክብርና ሥልጣን ከዚያ ብዙ ወስዷል። የጃፓን የታችኛው ምክር ቤት ግን፣ መጀመሪያ ላይ መራጩ ግብር ከፋይ ጥቂት ወንድ ብቻ ቢሆንም፣ በምርጫ የሚሞላ ነበር። በእኛ 55 አንቀጾች ውስጥ ይህ የለም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ «ለጊዜው» ተብሎ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። በቴአትር የተሣለቁባቸው ሹማምንት መራጭ ሆነው አረፉት! ተክለ ሐዋርያት ይህን በፍርሃት አደረጉት ለማለት ይከብደኛል፤ በጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት በእርግጥ ያምኑ ነበር። ይሁንና መብቃትን የሚመዝነው ማን እንደሆነ ሕጉ አልተናገረም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ይመስለኛል።

ኋላ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የንጉሠ ነገሥቱን መሰደድ ተቃወሙ፤ ራሳቸውም በማዳጋስካር ረጅም ስደት ኖሩ። «ለጊዜው» የተባለው 26 ዓመት ፈጅቶ ሕዝቡ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ድምፅ ሰጠ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ ፓርላማው ደርግ ከዘጋው ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።