ውሃው በመዋጮ፣ ነፋሱ በብድር

ነፋስን ለሥራ ማዋል ለሰሜን ጎንደር ደገኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ገብሱና ስንዴው ታጭዶ በአውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ፣ ገበሬው መንሹንና ላይዳውን ይዞ የሚጠብቀው ነፋስን ነው። ነፋሱ ሲነሣ እህሉን ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል፣ እብቁ ወደ ዳር ይሄዳል። ይህም ሥራ የሚሠራው ዝናቡ ካባራ በኋላ በበጋው ወራት ነው። በነዚሁ ወራት ወንዞች ሁሉ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ቀሃና አንገረብ እንኳ በክረምት እንዳልደነፉ በድንጋይ መካከል የሚሹለከለኩ ቀጫጭን ጅረቶች ይሆናሉ። ነፋሱ የሚበረታው ውሃው በሚደክምበት ጊዜ መሆኑን ደገኛው ከአውድማው ላይ ያውቀው ነበር።

የኤሌክትሪክ ሰዎች ግን ይህን ነገር ለመቀበል ብዙ ዘመን ወስዶባቸዋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ዐይኑን የጣለው በውሃ ላይ ነበር። ለዚህም አይፈረድበትም፤ አገሪቱ የወንዝ ባለጸጋ ናት። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ለባሕር ዳር ብርሃን ሰጠ። ከትልቁ መረብ ርቀው የነበሩ የክፍለ ሀገር ከተሞች በናፍጣ ሞተር ሲያበሩ ቆይተው፣ ሽቦው እየተዘረጋ ሲመጣ አንድ በአንድ ከውሃው ጋር ተገናኙ። ጎንደርም ኃይሏን የምታገኘው በባሕር ዳር በኩል ከሚመጣው መስመር ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት የተከዜና የጣና በለስ ማመንጫዎች፣ ያኛው 300፣ ይህኛው 460 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዘው በመረቡ ላይ ተጨመሩ።

ይሁን እንጂ በአንድ ዐይነት ምንጭ ላይ ብቻ የቆመ ቤት፣ ያ ምንጭ ሲጎድል ሁሉም ነገር ይጎድልበታል። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የነፋስ ጉዳይ ከወረቀት ወደ ሜዳ የወጣው ከዚህ ወዲህ ነው። በአዳማ አጠገብ 34 ተርባይኖች ተተክለው በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት ማመንጨት ቻሉ። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖችና በ120 ሜጋዋት ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. ሁለተኛው የአዳማ ማመንጫ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋዋት ይዞ ተከተለ። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር የሚያድገው በቀላል ስሌት አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ አየሩ በደጋ ይሳሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚደርስ ስፍራ የአየሩ ክብደት ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ደገኛው ተርባይን ከቆላው ወንድሙ ጋር ለመተካከል ከፍ ያለ ነፋስ ያስፈልገዋል። ማንም ሰው ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ሲይዝ «እዚህ ቢተከልስ?» ማለቱ አይቀርም፤ መሐንዲሱ ግን ከባርኔጣው ይልቅ ዓመት ሙሉ የተመዘገበ መለኪያ ማየት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ የታሪክ ነገር አለ። የነፋሱ ማመንጫዎች የተሠሩት በዋናው በብድር ነው። የአዳማዎቹ በቻይና ገንዘብና ተቋራጭ፣ አሸጎዳ በፈረንሳይ ብድርና ተቋራጭ ቆሙ። በአንጻሩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ፣ በዓባይ ፖለቲካ ምክንያት ከዓለም አበዳሪዎች ዘንድ ገንዘብ ሊያገኝ ስላልቻለ፣ ወጪው በመንግሥትና በሕዝቡ ትከሻ ላይ ወደቀ። የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆረጠ ሰጠ፤ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፤ ስልክ ያለው በ8100 አጭር መልእክት ላከ፤ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ በዶላር ተሳተፈ። ግድቡም 5,150 ሜጋዋት ዐቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጎንደር ከተማ የመጣ መምህር ከደመወዙ ሲከፍል፣ ከደባርቅ የመጣ ገበሬ ሃያ አምስት ብር ሲያወጣ፣ የመብራት ክፍያውን ለዛሬ ሳይሆን ለሩቅ ጊዜ አስቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል ገና ከኩራዝ ያልተላቀቁ ብዙዎች ነበሩ።

ስለ ፈቃደኝነት ከተነሣ፣ ነገሩን በዝርዝር ልንመለከተው ይገባል። ቦንድ ብድር ነው፤ የገዛው ሰው ገንዘቡ ከነወለዱ እንዲመለስለት ይጠብቃል። መዋጮ ግን ስጦታ ነው። ሁለቱ በሕዝቡ አነጋገር ተደባልቀው «ለዓባይ ሰጠን» ተብለው መነገራቸው ፍቅርን ቢያሳይም፣ ሒሳቡን ያደበዝዘዋል። በጅጌ አንድ ሰው ሳይመጣ ቢቀር ጎረቤቱ ይወቅሰዋል እንጂ ከቤቱ ምንም አይወሰድበትም፤ ከመሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ግን በስብሰባ ላይ በአንድ ድምፅ ሲጸድቅ እጁን ያላነሣ ሰው የት እንደሚቆም ለመናገር ያስቸግራል። በአሜሪካም የሆነውን እናስታውስ፤ እዚያ ያሉ ከ3,100 የሚበልጡ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቦንድ ገዝተው ስለ ነበር፣ የአገሩ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ሽያጩ በሕጉ መሠረት አለመመዝገቡን ገልጾ፣ በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ገንዘቡን ከነወለዱ እንዲመልስ ተስማምቷል። ገዢው ለአገሩ ያለው ቅን ልብ፣ ሻጩ ሊያሟላ የሚገባውን ሥርዓት አይተካም ማለት ነው።

ለንጽጽር፣ በዚያው በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ትራቨርስ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የማዘጋጃ ቤቱ የመብራት ድርጅት አንድ ባለ 600 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይን ተከለ። ለዚህም ፈቃደኛ የሆኑ ደንበኞቹ ከመደበኛው ሒሳብ ላይ ጥቂት ጨምረው እንዲከፍሉ ጠየቃቸው። ያልፈለገ አልጨመረም፤ የጨመረውም ገንዘቡ ወደ የትኛው ማማ እንደ ሄደ በዐይኑ ያየው ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች ተመሳሳይ ደንብ ወጣ። በቴክሳስ የኦስቲን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለነፋስ ኃይል የሚከፈለውን ዋጋ ለብዙ ዓመት እንዳይለወጥ አድርጋ ለደንበኞች አቀረበች። የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ ያ «ተጨማሪ» ክፍያ ከመደበኛው የነዳጅ ክፍያ በታች ሆኖ ተገኘና ፈላጊው በዛ። በበጎ ፈቃድ የገባው ደንበኛ ነጋዴም ሆኖ ወጣ።

ይህ ደንብ እንዳለ ለጎንደር ይሆናል ብለን አንገምትም። በዚያ አገር ተጨማሪው ክፍያ የድንጋይ ከሰሉን ጢስ ለመቀነስ የታሰበ ነው፤ የእኛ መብራት ግን ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚመጣ ነው። ከዚህም በላይ መደበኛው ሒሳብ ራሱ ለረጅም ዘመን ከወጪው በታች ኖሯል። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ አልተለወጠም ነበር፤ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፍ ቤት የሚከፍለው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሠላሳ ሳንቲም ያነሰ ነበር። ስለዚህ በጎንደር ያለ ሆቴል ወይም ፋብሪካ ወይም ደህና ደመወዝ ያለው ቤተሰብ በፈቃዱ ይጨምር ቢባል፣ «ለንጹሕ ኃይል» የሚለው ስም ብዙ አይስበውም። «ለበጋው ኃይል» ወይም «ደባርቅ ዙሪያ ላለው መንደር ሽቦ» ቢባል ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንም ብንል፣ ክፍያው ለብቻው ተመዝግቦ፣ በየዓመቱ የት እንደ ዋለ ተጽፎ በከተማው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከቀድሞው መዋጮ አይለይም።

ለመንደሩ ሽቦ ስንል የምናስበው አንድ የታወቀ ነገር ይዘን ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋው መስመር ኃይል የሚያስተላልፈው በ230 ሺህ ቮልት ነው። እንዲህ ያለው ኃይል በማከፋፈያ ጣቢያ ካልወረደና ከዚያም በትናንሽ ምሰሶዎች ካልተሠራጨ፣ ከምሰሶው ሥር ያለችውን ጎጆ ሊያበራ አይችልም። ለማመንጫው የወጣው ገንዘብ በብድርም ሆነ በመዋጮ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ለማከፋፈያውና ለትንሹ ምሰሶ የሚወጣውም እንዲሁ ተቆጥሮ ሊታወቅ ይገባል።