በዴይተን ችሎት ያልተከሰሰው ገጽ

ልጆቻችን የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዘው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየቤታችን የሚነሣ ክርክር አለ። አባት «ደግሞ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ሊሉህ ነው?» ይላል፤ እናት ታማትባለች፤ ልጁ ሁለቱንም ላለማስቀየም አንገቱን ይደፋል። (ሳይንሱ የሚለው ሰውና ዝንጀሮ ጥንት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይሰማል!) ክርክሩ የኛ የስደተኞቹ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት በ1982 ሲጠይቅ፣ ከመቶ 44ቱ አሜሪካውያን እግዚአብሔር ሰውን በዛሬ መልኩ የፈጠረው ካለፉት 10 ሺህ ዓመታት ወዲህ ነው ብለው መልሰዋል። በ2019ም ቁጥሩ 40 ነበር። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደጻፍነው አንባቢ ልብ ይበል።

ለመሆኑ ይህ ጠብ ፍርድ ቤት የገባው እንዴት ነው? በማርች 1925 የቴነሲ ገዥ አንድ ሕግ ፈረመ። አርቃቂው ጆን በትለር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል ነበር። በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስን የፍጥረት ታሪክ ክዶ ሰው ከእንስሳ ወረደ ብሎ ያስተማረ መምህር ከ100 እስከ 500 ዶላር ይቀጣል የሚል ነው። የሲቪል መብት ተሟጋች የሆነ ማኅበር ደግሞ ሕጉን ለመፈተን ፈቃደኛ ለሆነ መምህር ጠበቃ እናቆማለን ብሎ በጋዜጣ አወጀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የእምነትም የዕውቀትም አይደለም፤ የገበያ ነው። በዴይተን ከተማ፣ መድኃኒትም ለስላሳም በሚሸጥበት በሮቢንሰን መደብር የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ማስታወቂያውን አይተው «ክሱ እኛ ዘንድ ቢመጣ ከተማችን ስሟ ይነሣል» ተባባሉ። ጆን ስኮፕስ የተባለውን የ24 ዓመት ወጣት ቴኒስ ከሚጫወትበት አስጠሩት። ስኮፕስ የፉትቦል አሠልጣኝ ነው፤ የባዮሎጂው መምህር ሲታመም ተተክቶ አስተምሯል። ያንን ምዕራፍ ማስተማሩን እንኳ እርግጠኛ አልነበረም፤ ቢሆንም ለመከሰስ ተስማማ። መማሪያውን መጽሐፍ ያጸደቀው ያው የቴነሲ መንግሥት፣ የሚሸጠውም ያው መደብር ነበር! የመደብሩ ባለቤት ደግሞ የትምህርት ቦርዱ ሊቀ መንበር ነው።

ከጁላይ 10 እስከ 21 ቀን የተሰማው ክስ ከችሎት ይልቅ ገበያ ይመስል ነበር። ሰባክያንና ቸርቻሪዎች መንገዱን ሞሉት፤ ሱፍ የለበሰ ቺምፓንዚ ለትርኢት መጣ፤ የቺካጎ ሬዲዮ ጣቢያ ሙግቱን በቀጥታ አስተላለፈ። ከዐቃቤ ሕግ ጎን የቆመው ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የወደቀው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነው፤ ለተከሳሹ የተከራከረው የታወቀው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ነው።

ብራያንን እንደ አላዋቂ የሚያስቁበት ብዙዎች ናቸው። ሰውዬው ግን ዕድሜውን ሙሉ ለገበሬና ለወዛደር የተሟገተ ሰው ነው። ብርቱው ደካማውን ይብላ የሚለው አስተሳሰብ ጀርመንን ወደ ዓለም ጦርነት ነድቷታል ብሎ ያምን ነበር። ግብር ከፋዩ ሕዝብ ልጁ ምን እንደሚማር የመወሰን መብት አለው ይልም ነበር። ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። ይሁን እንጂ ለድኻው የቆመው ብራያን ለጥቁሩ አልቆመም፤ በ1924ቱ የዴሞክራቶች ጉባኤ ኩ ክላክስ ክላን በስሙ ተጠርቶ እንዳይወገዝ ተከራክሯል። ዳሮው በበኩሉ ከዴይተን በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ዲትሮይት ሄዶ፣ ቤቱን ከነጭ መንጋ በመከላከሉ ለተከሰሰ ጥቁር ሐኪም ጥብቅና ቆሟል።

ሳይንሱ ራሱስ? ዳኛው ለመከላከያ የመጡትን ሊቃውንት ጁሪው እንዲሰማቸው አልፈቀደም። ሙቀቱ በርትቶ፣ ወለሉም ሕዝቡን አይችልም ተብሎ ተፈርቶ ችሎቱ ወደ ግቢው ወጣና ዳሮው ብራያንን ምስክር አድርጎ ዮናስን ስለዋጠው ዓሣና ፀሐይን ስላቆመው ኢያሱ አፋጠጠው። ጋዜጠኞች ጠገቡ። ጁሪው ዘጠኝ ደቂቃ መክሮ ጥፋተኛ አለ፤ ቅጣቱ 100 ዶላር ሆነ። ብራያን በአምስተኛው ቀን እዚያው ዴይተን ሞተ። በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ ምክንያቱ ከ50 ዶላር በላይ ቅጣት መወሰን ያለበት በጁሪው እንጂ በዳኛው አይደለም የሚል ነው። በሕጉ ላይ ግን እጁን አላነሣም።

እኛን የሚመለከተው ገጽ እዚሁ ላይ ነው። የተከሰሰው መጽሐፍ በ1914 የታተመው የጆርጅ ሀንተር የባዮሎጂ መማሪያ ነው። ይኸው መጽሐፍ የሰው ዘር አምስት ነው ይልና የአፍሪካን ጥቁር «ኢትዮጵያዊ» በሚል ስም ይጠራል። ዝርዝሩን በነጮች ይጨርስና ከሁሉ የበላይ እነሱ ናቸው ይላል። ደካማ አእምሮ አላቸው የሚላቸው ቤተሰቦችም እንዳይራቡ መከልከል ይገባል ብሎ ያስተምራል። የበትለር ሕግ ስለዚህ ገጽ አንድ ቃል የለውም። መምህር የሚያስቀጣው ሰውን ከእንስሳ ማዛመዱ ነው፤ ጥቁሩን ከነጩ በታች ቢያደርግ የሚጠይቀው አልነበረም።

ቀልድ እንዳይመስለን። ዩጄኒክስ የሚባለው ይህ የዘር ማሻሻያ «ሳይንስ» በዋሽንግተን ሥራ ላይ ነበር። ሃሪ ላፍሊን የተባለው ሰው ለኮንግረሱ የኢሚግሬሽን ኮሚቴ በባለሙያነት እየቀረበ አንዳንዱ ሕዝብ በተፈጥሮው ዝቅተኛ ነው ይል ነበር። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ እስያውያንን ዘጋ፣ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓን ሰው በኮታ አጠበበ። ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ይህ አሠራር እስከ 1965 ዘለቀ። ዛሬ ዲቪ ደረሰን፣ ቤተሰብ አመጣን የምንለው ያ በር ከተከፈተ ወዲህ ነው። እዚያ ኮሚቴ በር ላይ ግን ሱፍ የለበሰ ዝንጀሮ አልነበረም፤ ሬዲዮም አልመጣም።

የዴይተን ጫጫታ ካለፈ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። አሳታሚዎች ገበያቸውን ፈሩ። የሀንተር መጽሐፍ በ1926 ታርሞ ሲወጣ ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል ጠፍቶ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ለሠላሳ ዓመት ያህል እጅግ ብዙ የአሜሪካ ተማሪ ይህንን ትምህርት በወጉ ሳይማር አደገ። ያነቃቸው ፍርድ ቤት ሳይሆን ሶቭየት ኅብረት በ1957 ያመጠቀችው ስፑትኒክ ነው። በሳይንስ ተቀደምን ተብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዳዲስ መጻሕፍት ተጻፉ። ቴነሲ ሕጓን የሻረችው በ1967 ነው። በየቦታው ሙግቱ መልኩን እየለወጠ ቀጠለ፤ በ2005 በፔንሲልቬንያ ዶቨር የትምህርት ቦርድን የረታው ፍርድ የተሰጠው በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ቡሽ በተሾመ ዳኛ ነው።

ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ ስድሳዎቹ ባለሥልጣኖች በተረሸኑ ማግስት ነበር፤ በዚያን ቀን ስለ 3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ማን ያስብ ነበር? በ2007 ወደ አሜሪካ ተወስዳ ሂዩስተን ለሕዝብ ታየች። በማርች 2009 የቴክሳስ የትምህርት ቦርድ መምህራን የዝግመተ ለውጥን «ጠንካራና ደካማ ጎን» ያስተምሩ የሚለው ሐረግ ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ሲከራከር፣ ድንቅነሽ ገና እዚሁ አሜሪካ ነበረች። ሐረጉ ተሠረዘ፤ እሷም በ2013 አገሯ ገባች።