አቦ ሸማኔና ወዳጆቹ

ነብር እያልን የምንጠራው ሁሉ ነብር አይደለም። ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር ካያችሁበት አቦ ሸማኔ ነው። ነብር ይፈራል፤ አቦ ሸማኔ ግን ለማዳ ይሆናል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው ባዮች ነን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት መርከቦች ላከች። ፑንትን ብዙ ሊቃውንት የሚያስቀምጧት እዚሁ እኛ አካባቢ፣ በቀይ ባሕር ደቡብ ዳርቻ ነው። በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ከዕጣኑና ከዝንጀሮው ጋር በገመድ የሚጎተቱ አቦ ሸማኔዎች ተቀርጸዋል።

ሕንድ ላይ ነገሩ ከልክ አለፈ። ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው አክባር (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) 1 ሺህ ያህል የአደን አቦ ሸማኔዎች ነበሩት ይባላል። ዓይናቸው ተሸፍኖ በበሬ ጋሪ ሜዳ ይወሰዳሉ፤ ሚዳቋው ሲታይ መሸፈኛው ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው አቧራ ብቻ ነው። ታዲያ ልብ በሉ፦ ይህ አውሬ ታስሮ መውለድ እምቢ ይላል። የአክባር ልጅ ጃሃንጊር በ1613 ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደቦሎች ሲወለዱ ተደንቆ በማስታወሻው አሰፈረው። ከዚያ ወዲህ የሚታወቀው ቀጣይ ልደት በ1956 በፊላዴልፊያ መካነ አራዊት የተመዘገበው ነው። ከ340 ዓመት በኋላ! ስለዚህ መኳንንቱ ደጅ የታሰረው ሁሉ ከዱር የተነጠቀ ነበር ማለት ነው። ሜዳውም እርሻ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕንድ መሳፍንት አቦ ሸማኔ ከአፍሪካ ወደማስመጣት ገቡ። በ1947 አንድ መስፍን ሦስት ወንድማማቾችን በአንድ ሌሊት ተኩሶ ጣለ፤ መንግሥት በ1952 ዘሩ ጠፍቷል አለ። በ2022 ሕንድ እንደገና 8 አስመጣች፣ ከናሚቢያ።

የእስያው ዝርያ ዛሬ ኢራን ውስጥ ብቻ በጣት የሚቆጠር ቀርቷል። በ2016 የወጣ ጥናት በዓለም የቀሩትን 7 ሺህ ገደማ ብሏቸዋል፤ የያዙትም ከጥንት ግዛታቸው 9 በመቶውን ነው።

የሐትሼፕሱት መንገድ ግን አልተዘጋም። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ የሚሰረቁ ደቦሎች በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ ይሻገራሉ። ፍየሉ የተበላበትን አርብቶ አደር ብዙም አንወቅስም። ደላላውንና ቪላ ውስጥ የሚጠብቀውን ገዢ ግን እንወቅሳለን። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 በወጣ ሕግ ግለሰቦች አውሬ እንዳያሳድጉ ከልክላለች፤ ንግዱ ግን አልቆመም። ብዙዎቹ ደቦሎች መንገድ ላይ ይሞታሉ። ከኮንትሮባንድ ተይዘው የተረፉት ሶማሌላንድ ውስጥ በማቆያ ያድጋሉ። አደን የምታስተምራቸው እናት ስለሌለች ወደ ዱር መመለሳቸው እጅግ አስቸጋሪ ነው።