ከቅፍለት እስከ ላንድክሩዘር፤ የመንገድ ማደሪያ ታሪክ በድሬዳዋ

ሰው ረጅም መንገድ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች አብረውት ይነሣሉ። አንደኛው «በምን እሄዳለሁ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የት አድራለሁ?» የሚል ነው። በደጋው አገራችን ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከተጣራ ማደሪያ አያጣም። ከድሬዳዋ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ በተዘረጋው ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንደር ከመንደር ይራራቃል፤ አርብቶ አደሩም ውሃና ግጦሽ ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ ትናንት ሰፈር የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ምድር የሚጓዝ ሰው ማደሪያውን ይዞ መሄድ ግድ ሆኖበት ኖሯል።

ዛሬም የዋሻ ሥዕሎችን ለመቅዳት የሚሄድ ሠዓሊ፣ የአዛውንቶችን ትረካ ለመመዝገብ የሚወጣ መምህር፣ ከከተማ ወደ ገጠር ትርዒት ይዞ የሚጓዝ የኪነት ቡድን ይኸው ጥያቄ ይገጥመዋል። አዲስ መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ቡድን ዓይኑን የሚጥለው በአራቱም ጎማው በሚነዳ ያረጀ የመስክ መኪና ላይ ነው። ቀን የሚሄድበት፣ ሌሊት የሚያድርበትም እርሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እንዲህ ያለው መኪና በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ከድሬዳዋ ታሪክ ተነሥቶ ማሳየት ነው። የከተማዪቱ ታሪክ የመጓጓዣ ታሪክ በመሆኑ መልሱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አያሻም።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት የሐረር ንግድ ከባሕር የሚገናኘው በዘይላ መንገድ በሚመላለሱ ቅፍለቶች ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ጊልዴሳ የምትባለው ሰፈር ልዩ ሥፍራ ነበራት። ከሐረር ተራራ በአህያና በበቅሎ የወረደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ጊልዴሳ ሲደርስ ከእነዚህ ጀርባ ወርዶ በግመል ይጫናል። የነጋዴው ጥበብ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ግመል በተራራው አለት ላይ እግሩ ይሸራተታል፤ በቅሎም በበረሃው ውሃ ጥም ትሸነፋለች። ሲራራ ነጋዴው ምድሪቱን አይቶ ለምድሪቱ የሚስማማውን ይመርጥ ነበር እንጂ ከሁለቱ አንዱን «ምርጥ እንስሳ» ብሎ አላከበረም። ማታ ሲሆን ጭነቱ ይወርድና እንደ ግንብ ይደረደራል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፤ ሰውም ከጭነቱ መካከል ይተኛል። ቀን የሚጓዘው ሸክም ሌሊት የቤት ግድግዳ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ ለመውጣት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ ጣቢያ ተሠራ። ይኸውም በ1895 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ይህች ጣቢያ ድሬዳዋ ሆነች። ጊልዴሳም የቀድሞ ክብሯን አጣች። በወንዙ በአንድ ወገን ቀጥ ባሉ መንገዶች የተከፋፈለው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ገበያው የደራበት መጋላ አደጉ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሦስት ቀን መንገድ ነበር። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበር። ድሬዳዋ በሆቴሎቿና በእንግዳ ተቀባይነቷ የታወቀችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በ1900 ዓ.ም. ሁለት አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገብተው ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። አንደኛውን ያመጣው እንግሊዛዊው ቤንትሌይ፣ ሁለተኛውን ያመጣው ጀርመናዊው ሆልትስ ነበር። የመኪና መንገድ በሌለበት አገር እነዚህ መኪናዎች ከቦታቸው የደረሱት በሞተራቸው ኃይል ብቻ አልነበረም፤ አለቱን የጠረገው፣ ከአሸዋና ከጭቃ የጎተታቸው የሰው ጉልበት ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የመኪና ታሪካችን ሁሉ ይህንን እውነት ይደጋግመዋል። መኪና ከመንገድ ዳር እጅ ተለይቶ አይሄድም።

ይህ እጅ በድሬዳዋ ቀስ በቀስ ሠለጠነ። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ቀጥቃጩን፣ ቀጣይ ሠራተኛውንና መካኒኩን አፈራ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን ደግሞ የጣሊያን ከባድ መኪናዎች በመንገዱ ላይ በዙ። ከእነዚህ አንዱ ሕዝባችን «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ፊያት 634 ነበር፤ ከኋለኞቹ ዓይነቶቹ መካከል ለሹፌሩ በጋቢናው ውስጥ መኝታ የተሠራላቸው ነበሩ። ወራሪው ተባሮ ሲወጣ የዘረፈው ዘመን ታሪክ ሆኖ ቀረ፤ የመኪናው አካል ስም ግን በሠራተኛው አፍ ውስጥ ቀረ። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ሻንሲ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። አንድ የድሬዳዋ መካኒክ ከመኪና ሥር ተንጋሎ ለረዳቱ ቁልፍ አቀብለኝ ሲል የሚናገረው ቋንቋ ራሱ የከተማዪቱ ታሪክ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአራቱም ጎማቸው የሚነዱ ቀላል መኪናዎች ለሲቪል ሥራ በሰፊው መሠራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የእንግሊዙ ላንድሮቨር በአምስተርዳም ትርዒት ቀረበ። በጊዜው የብረት እጥረት ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ለሞቃት አገሮች ደግሞ በጣሪያው ላይ ሁለተኛ ጣሪያ ተደርቦለት በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደረገ። በእንግሊዝ አገር ማርቲን ዋልተር የተባለው ድርጅት በረጅሙ ላንድሮቨር ላይ የሚነሣ ጣሪያና አልጋ እየገጠመ «ዶርሞቢል» የሚል ስም ሰጠው፤ መኪናን ማደሪያ የማድረግ ሐሳብ በፋብሪካ መልክ ያዘ ማለት ነው። በጃፓን ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረውን የመስክ መኪና በ1954 ላንድክሩዘር ብሎ ሰየመው። በ1960 የወጣው 40 ተከታታይ እስከ 1984 ተሠራ፤ በዚያው ዓመት 70 ተከታታይ ተተካ። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሕዝባችን «ዋዝ» የሚለው ኡአዝ 469 ከ1972 ጀምሮ በብዛት ተመረተ።

ሦስቱም በአገራችን መንገዶች ላይ ሠርተዋል። ላንድሮቨር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አገለገለ፤ ዋዝ በአብዮቱ ዘመን መጣ፤ ላንድክሩዘር ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ከእርዳታ ሥራ ጋር እጅግ ተስፋፋ። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በድሬዳዋ የሥራ ጣቢያ ነበረው። የአንበጣን መንጋ የሚከታተል ሰው መንጋው ካረፈበት ቦታ ማደር ስላለበት፣ ለዚህ ሠራተኛ መኪናው ቢሮም መኝታም ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ካረጁት የትኛው ይመረጥ? ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ተጠግኖ የሚኖር ሆኗል።

ላንድሮቨር ቆዳው አይዝግም፤ አጥንቱ ግን ይዝጋል። አካሉ አሉሚኒየም ቢሆንም ሻንሲው ብረት በመሆኑ፣ በተለይ የባሕር ጨው በነካው አየር የኖረ ከሆነ ገዢው ከሥሩ ገብቶ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ መመርመር አለበት። ዋዝ አሠራሩ ቀላል፣ ከመሬትም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሸራ ለባሽ፣ ውስጡም አጭር በመሆኑ ለመኝታ አይመችም፤ ቤንዚንም ይፈጃል። ረጅሙ 75 ላንድክሩዘር ግን ከኋላ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩት አግዳሚ ወንበሮች ሲነሡ ጎልማሳ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ቦታ ይሰጣል። 2ኤች የተባለው ባለ 4 ሊትር፣ ወይም ከእርሱ በኋላ የመጣው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሌለው፣ መካኒክ በእጁ የሚፈታውና የሚገጥመው ነው። በዚህም ምክንያት ለማደሪያ ጉዞ ከሦስቱ ይኸኛው ሚዛን ይደፋል።

ይሁን እንጂ የመኪናው ስም ብቻ በቂ ዋስትና አይሆንም። ድሬዳዋ ለገዢው ሁለት ፈተናዎች አዘጋጅታለታለች። የመጀመሪያው ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ነው። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ በቀትር ጠመዝማዛውን ይውጣ። በዚያ ላይ ራዲያተሩ ከፈላ በቆላው አሸዋ ላይ አያዛልቅም። ሲወርድም ፍሬኑና ማርሹ ይታያሉ። ሁለተኛው ፈተና ጋራዥ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የዚያን መኪና ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮንና የውሃ ፓምፕ በከተማው ውስጥ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ዞሮ ይጠይቅ። የማይገኝ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ መኪናው ውድ ነው።

ጭነትም ልክ አለው። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ የመጠጥ ውሃ ቢታሰብ፣ ለአራት ሰዎች የአምስት ቀን ውሃ 100 ሊትር፣ ማለትም 100 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ በፖርቶመጋላው ላይ መቆለል መኪናውን ለመገልበጥ ማዘጋጀት ነው። ከባዱ ወደ ታች፣ ከወለሉ ይጫን፤ መኝታውም ከጭነቱ በላይ በጣውላ ይዘርጋ። የቅፍለቱ ሰዎች ጭነታቸውን ግድግዳ እንዳደረጉት ሁሉ የዛሬው ተጓዥ ጭነቱን የአልጋው መሠረት ያደርገዋል።

ስለ ማደሪያው ቦታ ደግሞ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደረቀ የአሸዋ ወንዝ ለጥ ያለና ለስላሳ በመሆኑ የደከመውን ሾፌር ይጋብዛል። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ወስዷል። ከተማ ውስጥ ቤት ሠርቶ የተኛን ሰው ያልማረ ወንዝ በመኪና ውስጥ የተኛን አይምርም። ሰማዩ ከራስ በላይ ጥርት ያለ ቢሆንም ጎርፉ የሚመጣው ከሩቅ ተራራ ነውና ከወንዙ ወጥቶ ከፍ ካለ ቦታ ማደር የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱ ከድሬዳዋ ብዙ አይርቅም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1933 ያጠናቸው የዚህ አካባቢ የዋሻ ሥዕሎች፣ እንዲሁም በለገ ኦዳ አለት ላይ የተሣሉት ከብቶችና ሰዎች የጥንት አርብቶ አደሮች ያቆዩልን መዝገብ ናቸው። የእሳት ጭስና የዝናብ ውሃ ግን በየዓመቱ ይፈታተኗቸዋል። የጠዋትን ብርሃን ከአለቱ ሥር ሆኖ ለመጠበቅ፣ መልሶም ለመቅዳት እዚያው ማደር ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ አሳጥሯል፤ ወደ ዋሻው የሚወስደው የእግር ዱካ ግን ሐዲድ የለውም።

ስለዚህ ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። የጊልዴሳ ነጋዴ ለምድሩ የሚስማማውን እንስሳ መረጠ፤ ያ እንስሳ ሲታመምም የሚያክመውን ሰው ያውቅ ነበር። እኛም ያረጀ መኪና ስንመርጥ ከሞተሩ ጉልበትና ከስሙ ዝና በፊት የምንጓዝበትን ምድርና መኪናው በቆመ ጊዜ የሚያስነሣውን እጅ እንይ። ያ እጅ በድሬዳዋ ጋራዦች ውስጥ አለ፤ ለወጣቱ ትውልድም ሙያው ሊተላለፍ ይገባዋል። እርሱ ከሌለ በአገሪቱ ውስጥ ያሉት የመስክ መኪናዎች ሁሉ ከአጥር ጥግ ቆመው ይቀራሉ፤ የዋሻው ሥዕልም ሳይቀዳ ይጠፋል።